የጋሼ አሰፋ አረማመድ

እርጥብ ቆዳ የሚሸት ቤት ስገባ ጥርሴን ነክሼ ነው የምገባው። ሰው ይህን አያውቅብኝም። ባለፈው ሳምንት የልጄ ልጅ ማህሌት «እማዬ፣ በናትሽ ነይና የምንሠራውን እይልን፤ ቤት ተቀምጠሽ ተኩስ ከምታዳምጪ» ብላ ጎትታ ጣና ዳር ወዳለ አንድ አዳራሽ ወሰደችኝ። ማህሌት ኮሌጅ የምትማረው ትያትር ነው። ከውጭ የመጣች አንዲት ቀጭን አስተማሪ ወጣቶቹን በክብ አቁማ፣ ግማሽ ፊት የሚሸፍን የቆዳ ጭምብል አልብሳ፣ የማንም አገር ቋንቋ ያልሆነ ነገር ታስለፈልፋቸዋለች። አንዱ ይቆጣል፣ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዷ ትለምናለች፤ ቃል ግን የለም። ጭምብሎቹ ገና አልደረቁም ነበር። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ ሳላስበው ከወንበሬ ተነሣሁ። «አስጠላሽ እንዴ?» አለችኝ። አላስጠላኝም፤ እንዲያውም ልጆቹ ጎበዞች ናቸው። ዱላው ላይ ግን ይዋሻሉ፤ ሲማቱ ይተዛዘናሉ። እኛ እንዲህ አልተማርንም።

ባሕር ዳር ያኔ፣ እኔ ወጣት ሳለሁ፣ የብስክሌት ከተማ ነበረች። እሠራበት የነበረው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈረቃ ሲለቀቅ የዘንባባው መንገድ በደወል ድምፅ ይሞላል፤ ወንዶቹ ፊት ለፊት ያለው ብረት ላይ እጮኛቸውን አስቀምጠው፣ ሱሪያቸው ሰንሰለቱ ውስጥ እንዳይገባ በልብስ መቆንጠጫ ቆንጥጠው ይነዳሉ። ሱሪው ጉልበት ላይ የጠበበ፣ ታች እንደ ቀሚስ የሰፋ ነበር። እኔም ቡናማ ነበረኝ፤ አባቴ አይቶ በቀበቶ የገረፈኝ ምልክት እስከ ዛሬ ጭኔ ላይ አለ። ፀጉራችንን በሹካ ማበጠሪያ አቁመን፣ ከፖስታ ቤቱ ማዶ ካለው ሙዚቃ ቤት በር ላይ ተደርድረን ያልገዛነውን ሸክላ በነፃ እናዳምጣለን። ዛሬ እዚያ ቦታ ባንክ ቆሟል፤ በሩ ላይ የሚደረደረው ባጃጅ ነው። ስሙኒ ያለው ሰው ሐይቁ ዳር ወርዶ አንድ ሙሉ ቆሮሶ ተጠብሶለት፣ ሎሚ ተጨምቆለት፣ ሚጥሚጣ ተነስንሶለት በጋዜጣ ይዞ ይበላል። ጋዜጣው ላይ የማን ፎቶ እንደነበረ አላስታውስም፤ የዓሣው ቅባት ፊቱን ሲያጠፋው ግን አስታውሳለሁ። ደስ የሚል ጊዜ ነበር ብዬ ለልጅ ልጆቼ አልዋሽም። ዱላ የበዛበት ጊዜ ነበር። አባት ይመታል፣ መምህር ይመታል፣ የክፍል አለቃ ይገፈትራል፤ መንገድ ላይ ጠባቂ ያስቆምህና መልስህ ካልጣመው በጠመንጃው ሰደፍ ይልሃል። ጎረቤት ይጠፋል፤ የት ሄደ አይባልም። ሁላችንም ሆድ ይፍጀው ብለን፣ ፊታችንን ታጥበን ሥራ እንገባለን።

ፋብሪካው የኪነት ቡድን ነበረው። ድምፄ ሻካራ ስለሆነ አያዘምሩኝም፤ ረጅም ስለነበርሁ ባንዲራ ያስይዙኛል። አንድ ቀን ቡድኑ ቡጢ ጨብጦ ስለ ምርት ሲዘምር ሲኞር ከኋላ ወንበር ተቀምጦ እያየን አንቀላፋ። ሲኞር ማሽን ሊጠግን መጥቶ እዚሁ የቀረ ጣልያናዊ ሽማግሌ ነው፤ ስሙ ሌላ ቢሆንም ሁላችን ሲኞር ነበር የምንለው። አማርኛው ከሥራ ቦታ የለቀመው ስለሆነ ስድብና የዕቃ ስም ይበዛበታል። በአገሩ አባቱም አያቱም ጭምብል አጥልቀው ገበያ ለገበያ እየዞሩ ሕዝብ የሚያስቁ ሰዎች ነበሩ አለን። የቡድኑን ኃላፊ እንዴት እንዳግባባው እንጃ፣ ከዚያ ወዲህ ከሥራ መልስ አሮጌው መጋዘን ውስጥ ያስተምረን ጀመር። የአገሩ ጨዋታ ሰዎች የታወቁ ናቸው፤ ንፉግ ሽማግሌ፣ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ሐኪም፣ ጉረኛ ወታደርና ሁልጊዜ የሚርበው አሽከር። ኃላፊው «ወታደር መሳቂያ አይሆንም» ብሎ ስለተቆጣ ጉረኛውን ባላባት አደረግነው። አሽከሩ ግን አሽከር ሆኖ ቀረ፤ እሱን እንቀይር ያለ አልተገኘም።

ጭምብሉን ራሳችን ነበር የምንሠራው። ኑርዬ የዋንዛ ግንድ አምጥቶ የሰው ፊት ይጠርብበታል፤ ሲኞር ደግሞ ውኃ ውስጥ የዘፈዘፈውን የበሬ ቆዳ እንጨቱ ላይ ወጥሮ በቀንድ መዶሻ ይቀጠቅጠዋል። ቆዳው ጉንጭና አፍንጫ እስኪያወጣ ድረስ ነው የሚቀጠቀጠው። «ካልመታህ ፊት የለም» ይላል። ጭምብሉ ከግንባር እስከ ላይኛው ከንፈር ይሸፍናል፤ አፍና አገጭ ባዶውን ይቀራል። ኑርዬ የፋብሪካው አናጢ ነበር፣ የቁንዝላ ልጅ፤ ቤተሰቡ ሐይቅ ዳር የሚኖሩ ሙስሊሞች፣ ዓሣ አጥማጆችና ጀልባ ሠሪዎች ናቸው። ቀጭን፣ እጀ ረጅም፣ ሲስቅ ድዱ የሚታይ ልጅ። እወደው ነበር። እሱ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን ስለሆንን ለማንም አልተናገርሁም፤ ለእሱም ጭምር። አሁን ሰባ ካለፈኝ በኋላ ማንን እፈራለሁ?

የመጀመሪያው ቀን ሲኞር «ተቆጡ!» አለን። ማንም አልተቆጣም። ወንዶቹ ተሽኮረመሙ፤ እኛ ሴቶቹ አፋችንን በነጠላ ይዘን ሳቅን። ጨዋ ልጅ ሲከፋው አንገቱን ይደፋል፤ ደስ ሲለውም አንገቱን ይደፋል፤ የሚጮኸው ለቅሶ ቤት ብቻ ነው። ሲኞር ኮፍያውን መሬት ላይ ፈጠፈጠና ወደ መጋዘኑ ደረጃ ነዳን። ታችኛው እርከን ላይ ቆመህ ትንኝ ጆሮህ ሥር ስትጮህብህ ያህል ትናደዳለህ፤ አንድ እርከን ስትወጣ ንዴቱ ይጨምራል፤ ጫፍ ስትደርስ ሰው ልትገድል ነው። ቃል ክልክል ነው፤ የሚፈቀደው ቃል የሚመስል ድምፅ ብቻ ነው። «ቃል ውሸታም! ሆድ እውነት!» እያለ በጡጫ ሆዳችንን ይመታናል። ተራዬ ሲደርስ መጀመሪያ ተንተባተብሁ። መካከል ላይ የአባቴ ቀበቶ ትዝ አለኝ፤ ከዚያ በላይ እንዴት እንደወጣሁ አላውቀውም። ከአፌ የወጣው የማንም ቋንቋ አልነበረም፤ መጋዘኑ ግን ጸጥ አለ። ጫፍ ላይ ሲኞር ራሱ ፊቴ ቆሞ ስለነበር ለልምምድ ባስያዘን ዱላ እጀታ አፍንጫውን አልሁት። ደሙ ሸሚዙ ላይ እየፈሰሰ፣ እያጨበጨበልኝ ደረጃውን ወረደ። ኑርዬ «እናኑ፣ እኔስ አንችን አላገባም፤ ታርጅኛለሽ» አለኝ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ማታ ግን ስለ ማግባት ያነሣት ነገር እንቅልፍ ነሳችኝ።

ቃል የሌለውን ንግግር ዝባዝንኬ አልነው። ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ዝም ብለህ ብትቀባጥር ሰው ይሰለቸዋል፤ ዜማውን ከሆነ ቦታ ማምጣት አለብህ። እኔ ከቅዳሴ ላምጣ ብል ተቆጡኝ፤ ስለዚህ ከገበያ፣ ከጤፍ ሻጮች ክርክር አመጣሁ። ኑርዬ ከሐይቁ አመጣ፤ ማዕበል በሚነሣበት ቀን ከታንኳ ወደ ታንኳ የሚጠራሩ ሰዎች ድምፅ፣ ግማሹን ነፋስ የሚበላው ዓይነት። በዚያ ድምፅ ሲለምን አንጀት ይበላል፤ ሲሳደብ ደም ያፈላል። አንድ ቀን ኃላፊው መጥቶ ሲያዳምጥ ቆየና ከአዊ የመጣ አንድ ሠራተኛ አስጠርቶ «ይህ የእናንተ አገር ቋንቋ ነው ወይ?» አለው። ሰውዬው ደንግጦ «ኧረ ጌታዬ፣ የእኛስ ትርጉም አለው» አለ። የማህሌት ጓደኞች የሚያመጡት ዜማ ከስልካቸው ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆንባቸዋል። ይህን ብነግራት «እማዬ ደግሞ፣ አታካብጂ» አለችኝ። እንግዲህ አላካብድም።

ከሁሉም በላይ ሕዝቡ የሚወደው ዱላውን ነበር። የጨዋታው ዱላ ሁለት ስስ ጣውላ በአንድ እጀታ ታስሮ የተሠራ ነው፤ ሲያርፍ ጧ! ብሎ አዳራሹን ያናውጣል፣ ገላ ላይ ግን ዝንብ ያረፈ ያህል ነው። ባላባቱ አሽከሩን ይደበድበዋል፤ አሽከሩ ይወድቃል፣ ይነሣል፣ በዝባዝንኬ ያማርራል፣ እንደገና ይደበደባል። ቀን ሲገፈተር የዋለ ሠራተኛ ይህን ሲያይ ከወንበሩ እስኪወድቅ ይስቃል። ሲኞር «መቺው ምንም አይደለም፤ መቺውን የሚሠራው የተመታው ነው» ይለን ነበር። ኑርዬ መመታት ይችልበት ነበር። ከእግር ጥፍሩ እስከ ጭምብሉ አፍንጫ ድረስ እያንዳንዱ ነገር ለየብቻው ያመው ነበር።

አንድ ጊዜ ሲኞር «ከመንገድ አንድ ሰው ሰርቃችሁ አምጡ፤ አረማመዱን» አለን። ኑርዬ ሰርቆ ያመጣው የእኔን ሰው ነው። ጋሼ አሰፋ የታላቅ እህቴ የየሺ ባል ነው፤ ከአባቴ ቀበቶ ካመለጥሁ ወዲህ እኔም የምኖረው ሽምብጥ ሰፈር፣ እነሱ ቤት ነበር። የሰፈር ጠባቂ ስለሆነ ምንሽር ተሸክሞ ይዞራል። የግራ ተረከዙን ይጎትታል፤ ትንሽ ሄድ ይልና ቀበቶውን ወደ ላይ ይስባል፤ ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን ይጠርጋል። ኑርዬ፣ አሽከሩ ጌታው በሌለበት የጌታውን ካፖርት ደርቦ በሚኮፈስበት ቦታ ላይ ይህን አረማመድ አገባው። ጋሼ አሰፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያየው እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ቤት ገብቶም «የሺ፣ እውነት እኔ እንዲህ ነኝ?» እያለ ተረከዙን እየጎተተ አሳየን። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው እንዲታዘንለት አይደለም፤ እንደዚያ ስለነበረ ነው። እህቴ ስታረግዝ ውኃ የሚቀዳውም፣ ወጥ የሚያማስለውም እሱ ነበር፤ ጓደኞቹ ቢስቁበት ግድ አልነበረውም።

አንድ የበዓል ቀን ሐይቁ ዳር ካለው ሜዳ ላይ ሳንቃ ዘርግተን ተጫወትን። ከተማው ሁሉ ወጥቷል፤ ከደልጊ በጀልባ የመጡ ነጋዴዎች ሳይቀሩ ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ሙዝ ሻጩ፣ ሎተሪ አዟሪው፣ በማሠሮ ጠላ የያዘችው ሴት፣ ነጭ በነጭ የለበሱ አዛውንቶች። ጠባቂዎች ሜዳውን ከበው ቆመዋል፤ ለሥርዓት መሰለን። ለካ ወጣት አፍሰው ጦር ሜዳ ሊልኩ ኖሯል። ኑርዬ የአሽከሩን ጭምብል አጥልቆ፣ ካፖርቱን ደርቦ፣ ያንን ተረከዝ መጎተት ሲጀምር ሕዝቡ የማን እንደሆነ አወቀው። ወደ አሰፋ እየዞረ በሳቅ ፈነዳ። ጓደኞቹ ሳቁበት፤ አዛዣቸውም ሳቀ። እኔ የአሽከሩ ሚስት ሆኜ መድረኩ ላይ ነበርሁና የአሰፋን ፊት አየሁት። ቤት የማውቀው ፊት አልነበረም። አዛዡ በጆሮው አንድ ነገር ነገረው፤ አሰፋ ሌሎች ጠባቂዎች አስከትሎ ሳንቃው ላይ ወጣ። ሕዝቡ ይህም የጨዋታው ክፍል መስሎት አጨበጨበ።

«ውረጂ፣ እናኑ» አለኝ፤ በመዳፉ ቀስ አድርጎ ወደ ጎን ገፋኝ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና ኑርዬን «ስምህ ማን ነው?» አለው። ኑርዬ ለምን ጨዋታውን አላቆመም? ብዙ ዓመት አስቤዋለሁ። ሞኝ የመሰለውን አይወስዱትም ብሎ ይመስለኛል። በዝባዝንኬ መለሰለት፤ ለዚያውም መጀመሪያ ልክ እንደ እሱ ጉሮሮውን ጠርጎ። ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። አሰፋ ምንሽሩን ገልብጦ በሰደፉ አገጩን መታው። የጨዋታው ዱላ ይጮኻል፤ ሰደፍ አይጮኽም። እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ አለ። ኑርዬ ወደቀ። ሕዝቡ ሳቀ! አሽከሩ ሁልጊዜ የሚወድቅ ነዋ። ተነሣ፤ አፉን ከፍቶ ተናገረ፤ አሁንም ቃል አልነበረም። እኔ ብቻ ነኝ ድምፁ እንደተለወጠ የሰማሁት፤ ነፋስ የሚበላው የሐይቅ ዜማ አልነበረም፣ የሚያመው ሰው ድምፅ ነበር። «በለው!» አሉ ከፊት የተቀመጡት እያጨበጨቡ። አሰፋ ደገመው። ከጭምብሉ ሥር ደም በአገጩ ወርዶ ካፖርቱን ሲያርስ እያየሁ፣ ሰው አሁንም ይስቃል።

ኡኡ! አልሁ። ኡኡታ በጨዋታችን ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ሲኞር ሊያስገባው ፈልጎ ሁላችንም እንቢ ብለነው ነበር፤ በእኛ አገር ኡኡታ የሰማ ሰው ያገኘውን ይዞ መሮጥ አለበትና አይቀለድበትም። ሳቁ ቆመ። ከዚያ አዛውንቶቹ ሳይቀሩ ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። ዱላ በዱላ ላይ ወረደ፤ የአንዱ ጠባቂ ራስ ተፈነከተ፣ ሌላውን ጠላ ሻጯ በማሠሮዋ ጥርሱን አረገፈችው። አዛዡ ተኮሰ። ሰው ልብሱን እንደለበሰ ሐይቁ ውስጥ ገባ፤ ልጅ ከእናቱ እጅ ተፈነቀለ፤ ወጣቶቹን እየጎተቱ መኪና ላይ ጫኗቸው። ሲኞር ኑርዬ ላይ ተኝቶ በገዛ ገላው ሸፈነው፤ እጁን በጫማ ረግጠው ሰባበሩት። ብዙም ሳይቆይ አውሮፕላን ላይ አስወጡት፤ ከዚያ በኋላ ስለ እሱ የሰማ የለም። ኑርዬን ማንም አልወሰደውም፤ የሚዘምት ሰው አይመስልም ነበር።

አገጩ ተሰብሮ ነበር፤ ራሱም ላይ አንድ ነገር ደርሶበታል። ኑርዬ እስከ ሞተበት ቀን ድረስ፣ እሱም ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፣ አንድ ሙሉ ቃል አልወጣውም። ወንድሞቹ መጥተው በጀልባ ወደ ቁንዝላ ወሰዱት። የመታውን ሰው ስም ከተማው ውስጥ ቢጠይቁ ያየ ሁሉ አላየሁም አለ፤ ሁሉም ይፈራል። እኔም አልተናገርሁም። ስሙን ብሰጥ አሰፋ ይሞታል፤ ሆዷ ገፍቶ የነበረችው እህቴ መበለት ትሆናለች፤ የአሰፋ ወንድሞች ደግሞ ደማቸውን ሊመልሱ ቁንዝላ ይወርዳሉ። ባልሰጥ ደግሞ ኑርዬን ዳግመኛ መምታት ነው የሚመስለኝ። ከአሰፋ ጋር በአንድ ገበታ ቀርቤ እበላ ነበር። እሱ አያየኝም፤ እኔ አገጩን አያለሁ።

ከዚያ የኑርዬ ታላቅ ወንድም ዓሊ መልእክት ላከብኝ። «የሚለው አልገባንም፤ ከአንች ጋር የተማረውን ነው የሚናገረው ይላሉ። ነይልን።» ጠዋት ነጠላዬን አጣፍቼ ስወጣ ጋሼ አሰፋ በር ላይ ነበር። ወዴት ነው አላለኝም፤ ያውቅ ነበር። ጀልባው ቁንዝላ ሲደርስ ዓሊ ወደቡ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ እጁ በገመድ የሻከረ ሰው ነው፤ ጠመንጃውን በጋቢው ጠቅልሎ ይዟል። «እንኳን ደኅና መጣሽ፣ እህቴ» አለኝ፤ ቀድሞኝ ሄደ። ኑርዬ ግማሽ ላይ የቆመ ጀልባ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። አገጩ በሻሽ ታስሯል፤ ጉንጩ ጎድሏል። ሲያየኝ ዓይኑ ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁ አመመው። እናቱ እማ ዘሀራ ቀሚሴን ይዘው «ልጄ፣ እኔ ወልጀው አልገባኝም። ምን እንደሚል አንች ንገሪኝ» አሉኝ። ሌላ ጊዜም አልቅሻለሁ፤ እንደዚያ ቀን አድርጌ ግን አልቅሼ አላውቅም።

ዓሊ ጋቢውን ፈትቶ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» አለ። «ማን እንደመታው ያውቃል። ሲጠየቅ እጁን ያወራጫል፣ ይጮኻል፣ አይገባንም። አንች ጠይቂልን። ስሙን ብቻ ነው የምፈልግ፤ የቀረው የእኔ ነው።»

«እኔ...» ብዬ ወደ ኑርዬ ዞርሁ።

«ኑርዬ» አለ ዓሊ ወደ ወንድሙ ዞሮ። «ማን ነው? አሳያት።»

ኑርዬ ተነሣ። እየደገፉት ካልሆነ መቆም አይችልም ብለውኝ ነበር፤ ብቻውን ቆመ። መጀመሪያ ትከሻውን ጣለ። ከዚያ የግራ ተረከዙን ጭቃው ላይ ጎተተ። ትንሽ ሄደና የሌለ ቀበቶ ወደ ላይ ሳበ። ጋሼ አሰፋ ቁንዝላ ሐይቅ ዳር መጥቶ ቆመ። እግዚኦ፣ ጭምብል እንኳ አላስፈለገውም! «ይህ ማን ነው?» አለ ዓሊ ጠመንጃውን አንሥቶ። «እንዲህ የሚሄድ ሰው ታውቂያለሽ?» የየሺ ሆድ ዓይኔ ላይ ድቅን አለ። አፌን ከፈትሁ፤ ምን ልል እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም። ኑርዬ በዚህ ጊዜ አፍንጫውን ወደ እኔ አዞረ፤ ጭምብል ያጠለቀ ሰው የሚያየው በአፍንጫው ነው፤ ሲኞር እንደዚያ ነበር ያስተማረን። ፊቴ ላይ ያለውን ሁሉ አነበበው። እኔ የት እንደምኖር፣ የማን እህት እንደሆንሁ ያውቃል።

ጉሮሮውን ሊጠርግ አንገቱን ቀና አድርጎ ነበር። ተወው። የሚጎተተው ተረከዝ ሁለት ሆነ፤ ከዚያ እግሮቹ ተጠላለፉ፤ ቀበቶ የሳበው እጅ የተራበ ሆድ ያዘ። የተራበው አሽከር ሆነ። ጭቃው ውስጥ እጁን ሰደደና የሌለ አምባዛ አወጣ፤ አምባዛው አዳልጦት ወደ ብብቱ ገባ፤ ከብብቱ ወደ ሱሪው፤ አሳድዶ ያዘውና ሊበላው አፉን ሲከፍት ዓሣው ጥፊ መታው። በተሰበረ አገጩ በዝባዝንኬ ዓሣውን ሰደበው፤ ለመነው፤ ታረቀው፤ ሊስመው ሲጠጋ እንደገና ተመታ። እያንዳንዱ ድምፅ ያመው ነበር፤ ከሻሹ ሥር ደም ሲወጣ አየሁ። መጀመሪያ የሳቁት እማ ዘሀራ ናቸው። ልጃቸው ከተመታ ወዲህ ጥርሳቸው አልታየም ነበርና ዓሊ ደንግጦ አያቸው። ከዚያ እሱም ሳቀ፤ ጠመንጃውን ጀልባው ላይ አስደግፎ፣ ጉልበቱን ይዞ ሳቀ።

«ይህ ጅል!» አለ እንባውን እየጠረገ። «እኔ ደም እጠይቀዋለሁ፣ እሱ ዓሣ ያሳየኛል። ምን እያለ ነው?»

«ርቦኛል ነው የሚለው» አልሁት።

እናቱ አጥሚት ሊያሞቁ ሮጡ። ኑርዬ ላብ አጥምቆት ተቀመጠና እጁን ዘረጋልኝ፤ ያዝሁት። ለእኔ ሲል ነው የተወው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረውም። የዓሊ ዓይን እያየን እጄን አልለቅም ብዬ፣ ጀልባው ሊነሣ ሲጣራ ነው የለቀቅሁት።

ሽምብጥ ስደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። የሺ ጓሮ ልብስ ታሰጣለች። ጋሼ አሰፋ ጓዳ፣ ምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሽሮ ያማስላል። ቀና ብሎ አየኝ። እጄን ዘረጋሁለት፤ የማግዘው መስሎት ማማሰያውን ሰጠኝ። በማማሰያው አገጩን መታሁት። ባለኝ ጉልበት ሁሉ ነው የመታሁት። ከንፈሩ ተሰነጠቀ፤ ትኩሱ ሽሮ ከደሙ ጋር አንገቱ ውስጥ ገባ። የሺ ድምፁን ሰምታ ሆዷን ደግፋ ገባች፤ «እናኑ! አብደሻል? ምን አደረገሽ?» ብላ መሐላችን ልትገባ ስትል በክንዱ አገዳትና «ተያት» አላት። ከበርጩማው ተነሣ። እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ፣ አገጩን ወደ እኔ አቅርቦ ቆመ። ማማሰያውን መሬት ላይ ጣልሁት። እሱ ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም፤ ሁለተኛውን ይጠብቅ ነበር።